እናት መርከቧን ወደ ውጊያ አትላኳት

እንደምን አረፈዳችሁ ወገኖች! ከአዳማና ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነስታችሁ ሐዋሳ ድረስ የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባህር ውጊያ ጨዋታችን ካርታ ተዘርግቷል፣ መርከቦቹን የሚወክሉት ጠጠሮችም ተደርድረዋል። ከቡና በኋላ እንጀምራለን። ከዚያ በፊት ስለ አንዲት ፈላጊ ስለሌላት መርከብ ላውራችሁ።

መርከብ ስንከፋፈል ሁሌ የማየው ነገር ነው። ሁሉም አውሮፕላን ተሸካሚዋን ይሻማል። ቀጥሎ ባለ ትልልቅ መድፎቹን። የባህር አውሮፕላን እናት መርከብ፣ ማለትም ውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ የምትሞላው፣ የምትጠግናቸው፣ አብራሪዎቹን የምታበላና የምታስተኛው መርከብ፣ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ትቀራለች። የደረሰችውም ሰው ምን እንደሚያደርጋት ግራ ይገባዋል።

እኔም ግራ ገብቶኝ ያውቃል። ባለፈው ክረምት በጨዋታው የጃፓኗ እናት መርከብ ቺቶሴ ደረሰችኝ። 24 ተንሳፋፊ አውሮፕላን ትይዛለች። ይሄን ያህል ካላት እንደ ተሸካሚ እጠቀምባታለሁ ብዬ ሁሉንም ቦምብ አስታጥቄ ላክኋቸው። ሆዳቸው ሥር ያን ከባድ ተንሳፋፊ ተሸክመው ከተዋጊ አውሮፕላን ማምለጥ አይችሉም፣ አንድ በአንድ ረገፉ። የባሰው የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። የሚያስስልኝ አውሮፕላን አልቀረም። የተጋጣሚዬ ተሸካሚ በደቡብ በኩል ዞራ መጥታ እስክትመታኝ ድረስ አላየኋትም። ዓይኔን በገዛ እጄ አወጣሁ ማለት ነው።

እነዚህ መርከቦች ዓይን ናቸው። ፓስፊክ ውስጥ ጃፓንና አሜሪካ የተዋጉበትን የሚድዌይን ውጊያ አስቡ። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1942 ጠዋት ጃፓኖች የአሜሪካን መርከቦች እንዲፈልጉ የላኳቸው አውሮፕላኖች ሰባት ብቻ ነበሩ። ቶኔ ከተባለችው ክሩዘር፣ ማለትም ፈጣን የጦር መርከብ፣ የተነሳው አንዱ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ነው የወጣው። መርከቦቹን ያገኘው እሱ ነው፤ ግን መጀመሪያ የላከው መልዕክት የመርከቦቹን ዓይነት አልነገረም። ተሸካሚ ያለች ይመስላል ያለው ሌላ አንድ ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። የግማሽ ሰዓቷ መዘግየት ጎዳች ወይስ አልጎዳችም በሚለው የታሪክ ሰዎች እስከዛሬ ይከራከራሉ። ለእኔ ዋናው ነገር ለዚያ ሁሉ ባህር የተመደቡት ዓይኖች ማነሳቸው ነው።

ከሁሉም በላይ የምወደው ታሪክ ግን ከሚድዌይ ጥቂት ቀናት በፊት የሆነው ነው። ከሃዋይዋ ደሴት ከኦዋሁ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ፍሬንች ፍሪጌት ሾልስ የሚባል፣ በኮራል የተከበበ ጥልቀት የሌለው ውኃ አለ። በማርች ወር ሁለት ትልልቅ የጃፓን የባህር አውሮፕላኖች እዚያ አርፈው፣ ከሰርጓጅ መርከቦች ነዳጅ ቀድተው ሆኖሉሉ ድረስ በረው ነበር። በሜይ መጨረሻ ሊደግሙት አሰቡ፤ የአሜሪካ ባህር ኃይል ወደብ በሆነው ኦዋሁ ላይ ባለው ፐርል ሃርበር ውስጥ የትኞቹ መርከቦች እንዳሉ ማየት ፈልገው ነው። ሰርጓጇ ስትደርስ የአሜሪካ እናት መርከቦች እዚያው መልህቅ ጥለው ቆመዋል። በረራው ተሰረዘ። ጃፓኖችም የአሜሪካ ተሸካሚዎች ከወደቡ መውጣታቸውን ሳያውቁ ቀሩ። አንድ ጥይት ሳይተኮስ! በቃ፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ በመቆም ብቻ። ዛሬ ካርታችሁ ላይ ጸጥ ያለ ሐይቅ የመሰለ የኮራል ውኃ ካያችሁ፣ ባትጠቀሙበት እንኳን ለተጋጣሚያችሁ አትተዉለት።

ጸጥ ያለ ውኃ ስል እዚህ ከተማ ላደገ ሰው ማስረዳት አይከብደኝም። ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ልትገዙ ስትወርዱ ሐይቁ መስታወት ነው። ፔሊካኑ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ውኃውን እየሰነጠቀ ያርፋል፣ ከኋላው ረጅም ነጭ መስመር ይተዋል። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ያው ሐይቅ ታንኳውን ያንገላታዋል። ተንሳፋፊ አውሮፕላንም እንደዚሁ ነው፤ ማዕበል ካለ ማረፍ ሞት ነው። ክፍት ባህር ላይ ከሆነ ደግሞ መርከቧ ፍጥነቷን ቀንሳ ወይም ቆማ በክሬን ማንሳት አለባት። ቆማ ስትጠብቅ ለሰርጓጅ መርከብ ከሷ የቀለለ ዒላማ የለም። ስለዚህ የአየሩን ሁኔታ የሚወስነውን ዳይስ ሳታዩ አታስነሷቸው። የምትሰበስቡበትንም ተራ አስቀድማችሁ አስቡ፣ የሚጠብቃት አንድ ዲስትሮየር፣ ማለትም ፈጣን አጃቢ የጦር መርከብም አጠገቧ ይኑር። እናት መርከቧን አንድ ቦታ ላይም አታሰንብቷት፤ ከታየች ሌሊቱን ሳታሳልፉ አንቀሳቅሷት።

አሁን የዛሬው ንግግር ወደተጻፈበት ምክንያት ልምጣ። የአሜሪካ ባህር ኃይል በርኔጋት የሚባል የትናንሽ እናት መርከቦች ዓይነት ነበረው። ርዝመታቸው 95 ሜትር ገደማ ነው፣ ትልልቆቹ የማይደፍሩት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ እንዲገቡ ተብለው የተሠሩ። አንዷ ኦርካ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1944 ሥራ ጀምራ በፓስፊክ ካታሊና የሚባሉትን የባህር አውሮፕላኖች አገልግላለች። ይቺ መርከብ በ1954 ዓ.ም. ለእኛ ተሰጠች። ስሟ «ኢትዮጵያ» ሆነ። ምጽዋ ላይ የባህር ኃይላችን ዋና መርከብ ሆና፣ ካዴቶቻችን የሠለጠኑት በእሷ ላይ ነው። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ለብረት ተሸጠች።

ይህን ያወቅሁት ለጨዋታው የመርከብ ዝርዝር ሳዘጋጅ ነው። ሌሊት ነበር፣ ሁለቴ ደግሜ አነበብኩት። ጥግ ላይ ስንተዋት የኖርናት ጠጠር የእኛው መርከብ እህት ናት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አባቱ ወይም አጎቱ በእሷ ላይ ያገለገለ ካለ፣ እባካችሁ ቡና ላይ አግኙኝ፣ የምሰማው ብዙ ነገር አለ።

ዛሬ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ አንዲት በርኔጋት አለች። ከሥሯ በእርሳስ «ኦርካ» ብዬ ጽፌባታለሁ። ማን ይወስዳታል?