ለቁጥሮቻችሁ ስም አውጡላቸው

(ኮምቦልቻ፣ ለምህንድስና ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ! ከደሴ ለመጣችሁትም፣ ሐረጎን ወርዳችሁ እንኳን በሰላም ደረሳችሁ። ዛሬ የማወራው በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ስለ ኮንስታንት፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሠራ ስለማይለወጡ እሴቶች ነው። «ይቺንማ ድሮ ጨርሰናታል» የምትሉ አትጠፉም። አብሽሩ፣ ብዙ አላቆያችሁም።

ደረሰኝ የሚያትም ፕሮግራም አለን እንበል። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ስለሆነ 15 የሚለው ቁጥር ኮዱ ውስጥ ሰባት ቦታ ተበትኗል። ከሰባቱ ሁለቱ ግን ከታክስ ጋር አይተዋወቁም፤ በአንድ ገጽ የሚታተሙ መስመሮች ብዛት ናቸው። የታክሱ መጠን ቢቀየርና 15ን በሙሉ ፈልጋችሁ ብትተኩት ገጹም አብሮ ይበላሻል።

የማይለወጥ ቁጥርስ? ዓመታችን 13 ወር ነው፣ ማንም አይነካውም። ነገር ግን ኮዱን ውጭ አገር ያለ ሰው ካገኘው ተሳስተዋል ብሎ 12 ያደርግላችኋል! ስም አውጡለትና ተገላገሉ። ለ0 «ዜሮ» ብሎ ስም የሚያወጣ ደግሞ አለ፤ እሱን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ።

አሁን ስም ወደምናወጣባቸው መንገዶች፤ መጀመሪያ ዲፋይን (#define)። ይህን የሚያስተናግደው ፕሪፕሮሰሰሩ፣ ኮዱ ከመተርጎሙ በፊት የሚያልፍበት ክፍል፣ ሒሳብ አያውቅም፤ ጽሑፍ አንስቶ ጽሑፍ ይተካል፣ አለቀ። ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል፣ ረዳቱ 3 ትርፍ ጨመረ። ተሳፋሪ የሚለውን ስም በዲፋይን 12 + 3 አላችሁት። ለሒሳብ እንዲመቸን ታሪፉን 50 ብር እናድርገውና ተሳፋሪን በ50 እናባዛ። 750 ትጠብቃላችሁ። የሚመጣው 162 ነው፤ ምክንያቱም 50 የተባዛው ከ3 ጋር ብቻ ነው። 12 + 3ን በቅንፍ ብታስገቡት ኖሮ ሒሳቡ ልክ ይመጣ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ኮንስት (const) ነው፤ ወደ ሲ ስታንዳርድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የዳታ ዓይነት አለው፣ የሚታወቅበት ወሰን አለው፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ይቆጣጠረዋል። ግን በሲ ውስጥ ኮንስት ማለት «በዚህ ስም በኩል አትጻፍብኝ» ማለት ብቻ ነው። ኮንስት ኢንት (የማይጻፍበት ሙሉ ቁጥር) ያላችሁትን፣ እንደ እሴቱ መንገድ በሚመርጠው ስዊች ውስጥ ኬስ ላይ አስቀምጡት፣ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ይጮህባችኋል። በሲ ፕላስ ፕላስ ይሠራል፤ ሁለቱን ቋንቋ የምታቀያይሩ እዚህ ጋ ነው የምትደናገሩት። የሌላ ዳታ አድራሻ የሚይዘው ፖይንተር ላይ ደግሞ ኮከቧን (*) እዩ። ከኮከቧ በፊት ያለ ኮንስት የሚጠቆመውን ይጠብቃል፤ ከኮከቧ በኋላ ያለው ፖይንተሩን ራሱን።

ለሙሉ ቁጥሮች የእኔ ምርጫ ሦስተኛው መንገድ፣ ስም ያላቸው ቁጥሮች የሚዘረዝረው ኢነም (enum) ነው። ኬስ ላይም፣ የአሬይ መጠን ላይም ይገባል፤ ቅንፍ ረሳሁ አልረሳሁ የለም። ለነጥብ ቁጥሮችና ለጽሑፍ ኮንስት። ዲፋይን መጨረሻ ላይ፣ ሌላው ሲያቅት።

የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን አርዱዊኖ ኡኖ አር3 በምትባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የምትሠሩ፣ ይህችን ልብ በሉ። ቦርዱ ያለው ራም፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ 2048 ባይት ብቻ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ኮድ 3 ባይት ይይዛል። እያንዳንዳቸው 30 ፊደል ያላቸው 20 የአማርኛ መልእክቶች 1800 ባይት በሉ ማለት ነው። «ኮንስት ብያቸዋለሁ እኮ!» ትሉ ይሆናል። በዚህ ቺፕ ኮንስት ብቻውን አያድናችሁም፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ መልእክቶቹ ራም ላይ ይገለበጣሉ። ፕሮግራሙ ራሱ በሚቀመጥበት ፍላሽ ላይ እንዲቀሩ ፕሮግሜም (PROGMEM) የሚለውን ቃል መጨመር አለባችሁ፣ ስታነቡም ለእሱ በተሠሩት ፈንክሽኖች ነው። ኤአርኤም ኮርቴክስ-ኤም በሚባሉት ሌሎች ቺፖች ላይ ግን ስታቲክ ኮንስት ዳታ አብዛኛውን ጊዜ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል። ቃሉ አንድ ነው፣ ውጤቱ እንደ ቺፑ።

አዲሱ የሲ ስታንዳርድ ሲ23 ኮንስትኤክስፕር (constexpr) የሚባል አምጥቷል፤ ያ እውነተኛ ኮንስታንት ነው፣ ኬስ ላይም ይገባል። ጂሲሲ ከ13ኛው ቨርዥን ጀምሮ ይቀበለዋል። ላብ ያሉት ማሽኖች ስንተኛው ላይ እንዳሉ ገብታችሁ እዩ፤ አሮጌ ከሆኑ በኢነም ቀጥሉ።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። አመሰግናለሁ።