አጥሚቱ እንዳያስጠረጥር

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ጥየቃ ነው። የታመመችው የቢሮ ባልደረባ ናት እንበል፣ ጠያቂው ወንድ ነው፤ ከተማው ደግሞ «ይሄ ልጅ ምን ፈልጎ ነው?» ለማለት የማይሰንፈው አዲስ አበባ። በእኔ ግምት ሰው የሚጠረጥረው የተያዘውን ዕቃ አይቶ አይደለም። ብቻውን፣ ሲመሽ፣ ማንም ሳያውቅ መምጣቱን አይቶ ነው።

ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ። እናቷ ካሉ ዕቃውን ለእሳቸው ስጡ፦ «እማማ፣ ከቢሮ ልጆች ነው።» ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ መነሳት። አበባው ይቅር፤ ብርቱካን ይሻላል፣ ጨጓራ ካለባት ደግሞ ሙዝ።

«ምን ላምጣልሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ ይዟት «ምንም» ትላለች። «እግዜር ይማርሽ። ነገ 10 ሰዓት አጥሚት ይዘን እንመጣለን፤ መነሳት ካቃተሽ በር ላይ ሰጥተን እንሄዳለን» ብላችሁ ጻፉ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ «ተኛሽ?» የሚል መልእክት ግን የአጥሚቱን ወግ ሁሉ ያበላሸዋል።

አጥሚቱን ካነሳን፦ 4 የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በ1 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። 3 ኩባያ ውሃ ሲፈላ ብጥብጡን ቀስ እያላችሁ ጨምሩና በለስላሳ እሳት 20 ደቂቃ ያህል አማስሉ። ደረቁን ዱቄት የፈላ ውሃ ላይ የነሰነሰ ሰው ይጓጉልበታል፤ ውጩ ቶሎ ይበስልና ጥሬውን ውስጥ ይዘጋበታል። ጨው ቁንጥር ብቻ። ቅቤውንና ማሩን ለየብቻ ያዙ፣ ምክንያቱም ለተረበሸ ሆድ ቅቤ ይከብዳል፤ ስኳር ያለባት ከሆነች ማሩም ይቀራል። ሲቆይ ስለሚወፍር ከምትፈልጉት ትንሽ ቀጠን አድርጋችሁ አውርዱት።

ፔርሙዙ ቡና የለመደ ከሆነ ሽታውን ለአጥሚቱ ያወርሰዋል፤ ለታመመ ሰው አፍንጫ ይሄ ቀላል አይደለም። ደግሞ ፔርሙዝ መመለስ አለበት፣ «ፔርሙዙን ልውሰድ ብዬ ነው» እየተባለም ሦስት ቀን ይመላለሱበታል። እዚያው በእነሱ ድስት ገልብጣችሁ ባዶውን ይዛችሁ ውጡ።