«ወረቀቱስ?» አትበሉ
በዓለም የኤድስ ቀን ደሴ ላይ ለቅሬ (እድር) ዳኞችና አባላት የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የቅሬ ዳኞች፣ ሸሆች፣ ቀሳውስት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ኅዳር 22 ነው። የጠሩኝ ሰዎች «ስለ ምርመራ ጥቅም ተናገሪ» ብለውኛል። እናገራለሁ። ግን አልዋሻችሁም፣ የመጣሁት የሆዴን ላወጣ ነው። ቡናው እስኪፈላ ታገሡኝ።

መቼም ታውቁኛላችሁ። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ስንቱ ጣቱን ሰጥቶኛል። በኤችአይቪ ምርመራ ክፍል የሰው ጣት እየወጋሁ ነው ያረጀሁት።

1990ዎቹን አትረሷቸውም። የቅሬው ድንኳን ከአንዱ ግቢ ተነቅሎ ሳይደርቅ ሌላው ግቢ ይተከል ነበር። ሟቹ «ሳንባ ነው»፣ «ብርድ ነው» ይባላል። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት ሰው «አውቄ ምን ላደርግ?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። የነበረን ምክር ብቻ ነው። ስም አንጠይቅም፤ ቁጥር ሰጥተን እናስቀምጠዋለን። አንድ ሰዓት ይፈጃል። አንዳንዱ ምክሩን ሰምቶ «ዛሬ አልችልም» ብሎ ሳይመረመር ይሄዳል። እንሸኘዋለን። በሳምንቱ ራሱ ይመለሳል።

ዛሬ ነገሩ ተገለበጠ። መድኃኒቱ ሞልቷል። ለአብዛኛው ሰው በቀን አንድ ፍሬ ነው። ድሮ ሲዲፎር የሚባለው የሰውነት መከላከያ ሴል ቁጥር እስኪወርድ ይጠበቅ ነበር፤ አሁን ወዲያው ይጀመራል። መድኃኒቱን በሥርዓት ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ምክሩ ግን ጠፋ። የአገልግሎቱ ሙሉ ስም «በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የምክርና የምርመራ አገልግሎት» ነበር። ረዘመና ቪሲቲ ተባለ። ስሙን ስናሳጥር ፈቃዱንም ምክሩንም አብረን ቆረጥናቸው።

ጥር ደርሷል። ሠርግ ነው። በራችን ላይ ወረፋ ይያዛል። ሙሽሮች እንዳይመስሏችሁ። ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሙሽሮቹ ነፃ መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀት ፈልገው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የታሪኩን ባለቤት ደውዬ አስፈቅጃለሁ፤ «ንገሪያቸው» ብላኛለች።

ሁለት ልጆች መጡ። ልጁ አዲስ ጫማ አድርጓል፤ ሲራመድ ይንቋቋል። ልጅቷ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠመልላለች። ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ከዘራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ «ልጄ፣ ወረቀቷን ቶሎ ስጪንና እንሂድ፤ ድግሱ ተጠንስሷል» አሉኝ። ወረቀቷን! እንደ ዳቦ ቤት።

ልጅቷ «ለየብቻ ይሁን» አለች። እሺ አልኩ። ጣት ተወጋ፣ ጠብታዋ ገባች፣ መጠበቅ ነው። የልጁ አንድ መስመር ወጣ፤ ነፃ ማለት ነው። የእሷ ሁለት። በሌላ መመርመሪያ ደገምኩ። በሦስተኛ አረጋገጥኩ። በዚህ መሐል ሽማግሌው በሩን ሁለቴ አንኳኩ። ሁለቴ!

ነገርኳት። አላለቀሰችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስለ ወረቀቱ ምን ልበላቸው?» ስለ በሽታው አልጠየቀችኝም። እኖራለሁ ወይ፣ እወልዳለሁ ወይ አላለችም። ወረቀቱን ነው የፈራችው። ጽፌ ልሰጣት እችል ነበር። ግን ያንን ይዛ በየት በኩል ትወጣለች?

ልጁ ወረቀት ይዞ ወጣ። እሷ ባዶ እጇን ወጣች። ሽማግሌው ፊቷን አላዩም፤ እጇን አዩ። ከዘራቸውን አነሱ። ልጁ ሊያናግራት ዞር ሲል ክንዱን ይዘው ወሰዱት። ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ሳትገባ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ማን ነገረ? እኔ ትንፍሽ አላልኩም። ያልተሰጣት ወረቀት ነው የተናገረው።

እስቲ መልሱልኝ፤ ይቺ ልጅ ፈቅዳ ነው የመጣችው? በቁጥር ሸፍኜ የያዝኩትን ምስጢር እናንተ «ወረቀቱስ?» በምትል አንዲት ቃል ገልጣችሁታል። አዎ፣ እናንተ። ፊት የተቀመጣችሁትም አላችሁበት። አታጉረምርሙ፣ አልጨረስኩም።

ደግሞ ያ ወረቀት ምንም አያድናችሁም። ሰው ቫይረሱ እንደገባበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምርመራው ላያሳየው ይችላል። «ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ» የምንለው ለዚህ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ከሠርግ በኋላ የተመለሱልኝ አንድ ጥንድ ብቻ ናቸው። እነሱም ጃንጥላ ረስተው ነው።

ልጅቷ ዛሬ አለች። መድኃኒቷን ትወስዳለች። አግብታለች፣ ወልዳለች፣ ባሏም ልጇም ነፃ ናቸው። የምትኖረው ግን ደሴ አይደለም። ቫይረሱ አይደለም ከአገሯ ያስወጣት። ያስወጣናት እኛ ነን።

አትመርምሩ አላልኩም። ጥንዶች አብረው ይምጡ፤ ደስ ይለኛል። አንዱ ፖዘቲቭ አንዱ ነፃ ቢሆኑም ተማክረው፣ መድኃኒት ይዘው ተጋብተው መኖር ይችላሉ። ግን ራሳቸው ይምጡ። ውጤቱም የራሳቸው ይሁን። አባቶቼ፣ ለተክሊልም ሆነ ለኒካህ ሲመጡላችሁ «ተማክራችኋል ወይ?» በሏቸው። ይበቃል። ወረቀት አምጡ አትበሏቸው። ቅሬዎችም በየመንደራችሁ ይህንን ነገር አስቀሩልኝ።

ስለ ኮምቦልቻም ተናገሪ ተብዬ ነበር። ጊዜዬን በላሁት። ባጭሩ፦ በጅቡቲ መስመር የሚመላለስ ሾፌር የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚደርሰው ማታ ነው። በ11 ሰዓት የሚዘጋ ክፍል ለእሱ ምኑ ነው? የፋብሪካ ልጆችም እንዲሁ። አዋጅ 1156/2011 አሠሪ በኤችአይቪ ምክንያት ሠራተኛ ላይ እንዳያዳላ ይከለክላል፤ ያዙት። ድድ ጠርጎ ራስን መመርመሪያም አለ። ፖዘቲቭ ካሳየ ግን ጤና ጣቢያ መጥቶ መረጋገጥ አለበት።

በመጨረሻ አንድ ነገር። ከክፍሌ በር አጠገብ ሽማግሌዎች የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ነበረ። ባለፈው ሰኞ አስነስቼዋለሁ። ልጆቹን ላኩልኝ፤ እናንተ ቤታችሁ ጠብቁ። አቦሉ ደርሷል መሰለኝ፣ ሸተተኝ።