መሪም ደጀንም እንሁን፦ በተራራ ጉዞ ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

የሥራ አስፈጻሚው ሪፖርትና የሒሳብ ምርመራው ውጤት በየተራቸው ይቀርቡላችኋል። እኔ ወደዚያ ሳልገባ ይህችን ጥቂት ደቂቃ ለበጎ ፈቃደኛ የጉዞ መሪዎቻችን ልስጣት።

እሁድ ገና ሳይነጋ አውቶቡሱ አጠገብ የስም ዝርዝር ይዞ የሚቆመውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙዎቻችን የማናውቀው ከዚያ በፊት የሠራውን ነው። በሳምንቱ ውስጥ ከሥራ ሲመለስ ለአካባቢው ሰው ደውሎ መንገዱ ሰላም እንደሆነ፣ ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ ጠይቋል። ዛሬ በአገራችን እንደ ልብ የማይኬድበት መንገድ ብዙ ነውና ይህ ጥያቄ ለይስሙላ የሚጠየቅ አይደለም፤ መልሱ ካላጠገበው ጉዞውን ይሰርዛል። አስም ያለበትን፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስደውን፣ ጉልበቱን የሚያመውን ለይቶ ያውቃል። ጉዞው ወደ ዝቋላ ከሆነ የገዳሙን ሥርዓት ለአዲሶቹ አስቀድሞ ነግሯል፤ ተራራው ጫፍ ላይ ያለው ሐይቅ ለምእመናን የተቀደሰ ነው፣ መዋኛ አይደለም። ለዚህ ሁሉ ድካም አምስት ሳንቲም አይከፈለውም።

አንዳንድ አባላት «ለመሪዎቹ አበል እንክፈል» የሚል ሐሳብ አቅርባችኋል። ከቅን ልብ የመጣ ሐሳብ ነው፤ እኔ ግን አልስማማበትም። የትራንስፖርትና የስልክ ወጪያቸውን ማኅበሩ ይሸፍን፣ ይህ ተገቢ ነው። ጫፍ ለማድረስ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ግን «እንመለስ» ለማለት ይከብደዋል። በፈቃዱ የሚያገለግል ሰው ከጤናችን በቀር የሚያስጨንቀው ነገር የለም። የመሪነት ትልቁ ሥራ ደግሞ መመለስ ሲያስፈልግ መመለስ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ ወጨጫ ተራራ ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ ነጎድጓዱ ከሩቅ ይሰማ ጀመር። ጫፉ በዓይን ይታያል፣ ሁሉም ጓጉቷል። ዕለቱን ትመራ የነበረችው እህታችን ግን ቡድኑን አቁማ ከሸንተረሩ አወረደችው። ብቻውን ከቆመው ትልቅ ዛፍ ሥር መጠለል የፈለጉትንም ከለከለች፤ መብረቅ የሚመርጠው እንዲህ ያለውን ቦታ ነውና። ዝቅ ካለው ስፍራ ከደረሱም በኋላ ከመጨረሻው ነጎድጓድ 30 ደቂቃ እስኪያልፍ ማንም እንዲነሣ አልፈቀደችም። በአውቶቡስ ውስጥ ማጉረምረም እንደነበረ ሰምቻለሁ። እህቴ ሆይ፣ በዚህ ጉባኤ ፊት በማኅበሩ ስም አመሰግንሻለሁ። ያደረግሽው ትክክል ነበር።

የከፍታው ነገርም እንዲሁ ነው። የአዲስ አበባ ሰዎች ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንኖር ደጋ የለመድን ይመስለናል። እንጦጦን ደጋግሞ የወጣ ሰው ባሌም የሚበግረው አይመስለውም። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ 4,377 ሜትር ከፍታ ካለው ከቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ በመኪና በአንድ ጠዋት ይደረሳል፤ ሰውነት ግን እንደ መኪናው አይፈጥንም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ሲጀምር «ቁርስ ስላልበላሁ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ይዘን ስንሄድ ደግሞ ስጋቱ ይብሳል፤ እሱ የሚመጣው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ከማይል ቦታ ነው። ስለዚህ መሪዎቻችን ከ3,000 ሜትር በላይ ስናድር የማደሪያችን ከፍታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይበልጥ ያቅዳሉ። የከፍታ ሕመም ምልክት የታየበት ሰው ወደ ላይ አይቀጥልም፣ ከባሰበት ሳይውል ሳያድር ይወርዳል። ለዚህ ውሳኔ ክርክር አያስፈልግም፣ ድምፅም አይሰጥበትም።

እንግዲህ ጭንቀቴን ልንገራችሁ። አባላት እየበዛን ነው፤ የሚመሩን ግን እነዚያው ጥቂት ሰዎች ናቸው። እነሱም ትዳር አላቸው፣ ልጆች አሏቸው፣ እሁድ ያምራቸዋል። እንዲህ ከቀጠልን ይደክሙብናል፤ የደከመ መሪ ደግሞ ዳመናውንም የሰውንም ፊት በቅጡ አያይም።

«እኔ መንገዱን አላውቅም፣ እንዴት እመራለሁ?» የምትሉ አላችሁ። ማንም በመጀመሪያው ቀን ከፊት አይሰለፍም። በደጀንነት ጀምሩ። ደጀኑ ከሁሉም ኋላ የሚሄደው ነው፤ ማንንም ቀድሞ አያልፍም፣ ማንም ከእሱ ኋላ አይቀርም። ጫማው የላጠውን፣ ውኃው ያለቀበትን፣ አፍሮ ዝም ያለውን የሚያየው እሱ ነው። እኔ ከመሪው ይልቅ ደጀኑ ሰውን የበለጠ ይማራል ብዬ አምናለሁ። ከፊት ያለው ፍጥነቱን ማስተካከል የሚችለውም ከኋላ ያለው ሲነግረው ነው።

በተለይ እህቶቻችንን አደራ እላለሁ። ሴት መሪ ያለችበት ጉዞ ላይ ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን በእምነት ይልካሉ፤ መንገድ ላይ የሚያስፈልጋቸውንም ሳያፍሩ የሚነግሩት ሰው ያገኛሉ።

ለሚመዘገቡት የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና ወጪውን ማኅበሩ እንዲችል ሐሳብ አቅርበናል። የመለማመጃ ጉዞው ወደ መናገሻ ሱባ ደን ይሆናል። ጥላው ደህና ነው፣ ከከተማም ቅርብ ነው፤ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተጠበቀ በሚነገርለት ደን ውስጥ ከነባር መሪ ጋር መንገድ ማንበብን ትለማመዳላችሁ።

በመጨረሻም ጉባኤው እንዲያጸድቀው የምጠይቀው አንድ ውሳኔ አለ። መሪው ወይም መሪዋ «እንመለስ» ካሉ፣ ቡድኑ ይመለሳል። ቅሬታ ያለው ሰው በማግስቱ ለሥራ አስፈጻሚው በጽሑፍ ያቅርብ፤ በተራራው ላይ ግን ቃሉ የእነሱ ነው፣ እኛም ከጎናቸው እንቆማለን። የመዝገቡ ጠረጴዛ በበሩ በስተቀኝ ነው። በዚህ ውሳኔ ላይ ውይይቱን እንድንጀምር ጉባኤው መከፈቱን በአክብሮት እገልጻለሁ። አመሰግናለሁ።