ካርዱ የት ገባ?

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የሕግ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ስለ ሕክምና ስህተት ካሳ ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን የአንድ ካርድ ነገር ላጫውታችሁ።

ታላቅ እህቴ ለቀላል ኦፕራሲዮን ሆስፒታል ገባች። በሦስተኛው ቀን ሆዷ ተነፋ፣ ትኩሳቷ ናረ። «ጋዝ ነው፣ ይወጣል» አሉን። በአምስተኛው ቀን ሌሊት አረፈች። እናቴ ክስ አልፈለገችም። ገንዘብም አልፈለገችም። «ልጄ ምን ሆና እንደሞተች ብቻ ይንገሩኝ» አለች። ካርድ ክፍል ሄድኩ። «ነገ ና» ተባልኩ። በነጋታው «ሐኪሙ ጋ ነው» አሉኝ። ሐኪሙ ጋ ስሄድ «መልሻለሁ» አለኝ። አራት ወር ሙሉ ተመላለስኩ። በመጨረሻ «ጠፍቷል» አሉ። በቃ! እናቴ ሳታውቅ ወደ መቃብር ወረደች።

«ጠፍቷል» የምትለዋን ቃል እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያልሰማ አለ?

ስንቶቻችን ዘመድ ለሕክምና የላክንባትን ሕንድን እንይ። በፈረንጆቹ 1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ከፍሎ የሚታከም ሰው ሸማች ነው፣ በሸማቾች ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል አለ። ተከራክሮ የተረታው የሐኪሞቹ ማኅበር ነበር። በ2013 ደግሞ ሚስቱን ላጣ ሰው ወደ 60 ሚሊዮን ሩፒ ከነወለዱ እንዲከፈል ወሰነ። ሰው የሚያወራው ስለ ገንዘቡ ነው። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ሌላ ነው። በ2002 የወጣው የሐኪሞቻቸው የሥነ ምግባር ደንብ፣ ታካሚ ወይም ወኪሉ ማኅደሩን ሲጠይቅ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጠው ይላል። 72 ሰዓት! እኔ አራት ወር።

ማስረጃውን ተከሳሹ ይዞታል። እኛ ከሳሹን «አስረዳ» እንለዋለን። ምኑን ይዞ ነው የሚያስረዳው?

ካሳው ራሱ ያሳዝናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሕሊና ጉዳት ካሳን፣ ማለትም ለሐዘንና ለመንፈስ ስቃይ የሚከፈለውን፣ ከ1,000 ብር አያሳልፍም። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት፣ ማለትም ውል በማፍረስ ላልመጣ ጉዳት፣ ደግሞ መክሰሻው ጊዜ 2 ዓመት ነው። ካርድ ፍለጋው ከዚያው ላይ ይበላል።

ሐኪሞች፣ እኔ ጠላታችሁ አይደለሁም። ስንት በሽተኛ በቀን እንደምታዩ አውቃለሁ። በደንብ የተጻፈ ካርድ ያለ ጥፋቱ የተከሰሰውን ሐኪምም ያድናል።

ነገ ሥራ ስትገቡ ካርድ ክፍላችሁ ጎራ በሉ። አንዲት እናት የሟች ልጇን ካርድ ቅጂ ብትጠይቅ በስንት ቀን ታገኛለች ብላችሁ ጠይቁልኝ።

አመሰግናለሁ።