ቤቱን በራሳችሁ ስም ግዙ
(ባሕር ዳር ውስጥ ከውጭ ሀገር ለመጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ለሀገራችሁ አበቃችሁ።

ከአሜሪካም፣ ከካናዳም፣ ከአውሮፓም የመጣችሁ አላችሁ። ብዙዎቻችሁ እዚህ ባሕር ዳር ቤት የመግዛት ሐሳብ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ጠበቃ ነኝ። የቤት ክርክር ይዘው ቢሮዬ ከሚመጡት ውስጥ ውጭ የሚኖሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ቤቱን በወንድማችሁ ስም አትግዙ። በአጎትም፣ በአክስት ልጅም፣ በምታምኑት ጓደኛም ስም አትግዙ። በራሳችሁ ስም ግዙ።

ይህን ስል ዘመድ አይታመንም ማለቴ አይደለም። አንዲት ደንበኛዬን ላንሳላችሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ሀገር ለፍታ ያጠራቀመችውን ለወንድሟ ላከችለት፣ እሱም አንድ ብር ሳያጎድል ቤቱን ገዛ፣ ካርታው ግን በእሱ ስም ወጣ። ከዓመታት በኋላ ከሚስቱ ጋር ተፋቱ። ሚስትየው በትዳር ላይ የተፈራ ንብረት ነው ብላ ግማሹን ጠየቀች። ምን ታድርግ? ካርታው የሚለው እሱን ነው። ወንድሟ ችሎት ቆሞ «ገንዘቡ የእህቴ ነው» አለ። ግን ገንዘቡ የተላከው በሰው እጅ ነበር፤ ደረሰኝ የለ፣ የባንክ ወረቀት የለ። ዳኛው ሰውየው ንብረቱን ከሚስቱ ሊያሸሽ ነው ብለው ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም። እዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ የለም፤ እህት ግን ቤቷን አጣች።

ወንድም ቢሞትስ? ልጆቹ ወራሽ ነን ይላሉ። ተበድሮ መክፈል ቢያቅተውስ? አበዳሪው ቤቱን ያሳግዳል።

ድሮ ሰው እንዲህ የሚያደርገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሀገራችን ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ሰው በሕግ ዓይን የውጭ ዜጋ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከቁጥር 390 ጀምሮ የውጭ ዜጋ ያለ ልዩ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክላል። ባለቤት ሆኖ ከተገኘም በስድስት ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይታዘዛል። ሰዉ ይህን ፈርቶ በዘመድ ስም ገዛ።

ግን እኮ በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ይህን ክልከላ ከእናንተ ላይ አንስቶታል! ራሳችሁ፣ ወይም ከወላጆቻችሁ፣ ከአያቶቻችሁ ወይም ከቅድመ አያቶቻችሁ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከነበረ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ያው ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ ታወጣላችሁ። በዚህ ካርድ ቤቱ በስማችሁ ይሆናል። ቢጫ ካርድ ሳይኖራችሁ ቀብድ አትክፈሉ።

በትውልድ ኢትዮጵያዊ ላልሆኑ የሥራ ሸሪኮቻችሁም መንገድ ተከፍቷል። ሰኔ 2017 ፓርላማው ያጸደቀው አዋጅ የውጭ ዜጎች ቤት እንዲኖራቸው ይፈቅዳል፤ ለቤቱ የሚያወጡት ዝቅተኛው ገንዘብ ግን 150,000 ዶላር ነው። መሬቱን ግን ማንም አይገዛም፣ እኔም ብሆን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምትገዙት ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። በሊዝ የተያዘ ከሆነ ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት ነው፤ ስንት እንደቀረውና ውዝፍ ክፍያ እንዳለበት ጠይቁ።

አሁን ወደ ጣና ልውሰዳችሁ፤ ልባችሁ ያለው እዚያ እንደሆነ ስለማውቅ። ሐይቁን የሚያይ ቤት የማይፈልግ የለም። ደላላው ይህን ያውቃል። በዘጌ በኩልም ይሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ዳር ዳሩን ይወስዳችሁና «ገበሬው ይሸጥላችኋል፣ ሽማግሌ ይፈርማል፣ በኋላ ሕጋዊ ይሆናል» ይላችኋል። አይሆንም። ገበሬው መሬቱን ማከራየት፣ ማውረስ፣ በስጦታ መስጠት ይችላል፤ መሸጥ አይችልም። የሀገር ሽማግሌ ቢፈርም፣ ምስክር ቢደረደር ያ ወረቀት ሕገ ወጥ ሽያጭ ነው። ደግሞ አስቡት፣ ያ ገበሬ ብሩን በዓመት ሁለት ዓመት ይጨርሳል፤ ልጆቹ የሚያርሱት አይኖራቸውም። ዳርቻው ላይ ያለው ደንገል ታንኳ የሚሠራበት፣ ዓሣ የሚራባበት ነው። ጣና ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው። እምቦጭ የተባለው አረም የሚያደርስበት ጉዳት ይበቃዋል፤ እባካችሁ እኛ ደግሞ በግንብ አንጨምርበት። ሐይቁን የሚያይ ቤት ካማራችሁ ከተማው ውስጥ ካርታ ያለው ፈልጉ።

ካርታም ስላያችሁ አትመኑ። ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ መሬት አስተዳደር ሂዱና ከማኅደሩ ጋር አስተያዩት። ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑን በጽሑፍ አስወጡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው የመንግሥት አካል ፊት ይመዝገብ፤ ሆቴል ቁጭ ብላችሁ የፈረማችሁት አያድናችሁም። ገንዘቡ በባንክ ይግባ፤ የገባበትን ወረቀት ዕድሜ ልካችሁን አስቀምጡት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን የተሻለ ምንዛሪ ፍለጋ በሰው እጅ ለመላክ የነበረው ምክንያትም ቀንሷል።

ተመልሳችሁ ስትሄዱ ውክልና መስጠታችሁ አይቀርም። ለማስተዳደር ብቻ ከሆነ ማከራየትን፣ ግብር መክፈልን፣ ማሳደስን አንድ በአንድ አስጽፉ። «መሸጥ መለወጥ» የምትለዋ ሐረግ በልማድ ትገባለችና ከመፈረማችሁ በፊት ፈልጋችሁ አሰርዟት። ውክልናውን እዚያው ሆናችሁ በኤምባሲ በኩል የምትልኩ ከሆነም እንደዚሁ አድርጉ።

እስካሁን በዘመድ ስም የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ ዘመዳችሁ በሕይወት እያለ፣ ፍቅራችሁም ሳይሻክር፣ ወረቀቱን ለማስተካከል ተነሡ። ካርታ ወይም ውል ይዛችሁ የመጣችሁ እዚሁ ቆዩ፤ እኔና ባልደረቦቼ እስከ ማታ አለን፣ አንድ በአንድ እናየዋለን። አመሰግናለሁ።