መጀመሪያ የጉጉቱን ዓይን እዩ

እንደምን ዋላችሁ፣ የጅማ ወጣት አስጎብኚዎች! የቡና ገበሬ አባቶችና እናቶችም አብራችሁን በመምጣታችሁ እግዜር ይስጥልን።

ከዓመታት በፊት እንግዶች ይዤ አዋሽ ፓርክ ነበርኩ። ወንዙ ዳር ካለ ትልቅ ግራር ላይ አንድ ነገር ቁጭ ብሏል። ነጣ ያለ ግራጫ ነው፤ እንደተባዘተ ጥጥ ተንጨባሯል። ጆሮ የሚመስለው የራስ ላባ ገና በደንብ አልወጣለትም። ለእንግዶቼ የመሰለኝን ስም ነገርኳቸው። ወፉ በዚያው ቅጽበት ዓይኑን ጨፈን አደረገ። የዓይኑ ቆብ ሮዝ ነው! ያኔ ገባኝ። የአፍሪካ ትልቁ ጉጉት፣ የቬሮ ጉጉት ልጅ ነበር። ስሙን እዚያው አረምኩ።

ለዚህ ነው ጫጩት ስታዩ በላባው አትፍረዱ የምላችሁ። ያ ጥጥ ይረግፋል። መጠኑም ያሳስታል፤ የቬሮ ጉጉት ልጅ ገና በደንብ ሳይበር ከአዋቂ የጫካ ጉጉት ይበልጣል። ዓይኑንና ፊቱን ግን ታገሡና እዩ። ጥቁር ዓይን ከሮዝ ቆብ ጋር ካያችሁ ቬሮ ነው። ፊቱ የልብ ቅርጽ ከያዘ፣ ጣራ ሥር የሚያድረው ነጣ ያለው ጉጉት ነው።

እዚህ ጅማ፣ ዋንዛ ጥላ በሆነበት ቡና ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ የምታገኙት የጫካ ጉጉት ነው። ዓይኑ ጥቁር፣ ራሱ ክብ ነው፤ የጆሮ ላባ ኖሮት አያውቅም። ጎጆው የዛፍ ሽንቁር ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የጉጉት ልጅ መብረር ሳይችል ከጎጆው ይወጣል። ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲያፏጭ ስትሰሙ ወላጆቹን ምግብ እየጠየቀ ነው። እነሱም በቅርብ አሉ። ጠፍቷል ብላችሁ ቤት አትውሰዱት። መሬት ላይ ወድቆ ውሻ የሚያሰጋው ከሆነ፣ በጨርቅ አንስታችሁ ቅርብ ካለ ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጡትና ዞር በሉ። ሰው ነካው ብላ እናቱ አትተወውም።

ሟርት ነው ብሎ በድንጋይ የሚያባርረው ሰው ሳይ ደግሞ ውስጤ ያዝናል። ሌሊቱን ሙሉ አይጥ የሚለቅምልን ወፍ እኮ ነው።

ማምሻውን 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቡናው እንገባለን። ባትሪያችሁን በቀይ ፌስታል ሸፍኑ፣ ፊቱ ላይ አታብሩበት፣ ስልካችሁንም ድምፁን አጥፉት።